አርባ ሺህ ፎቶ ይዤ የት ልግባ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፎቶ አንሺ ጓደኞቻችንና ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት ስለተደጋገሙና ስለሚመሳሰሉ ፎቶዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። «ጽፈሽ ላኪልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ የድምፅ ቅጂውን እየሰማሁ ገለበጥኩት። የተንተባተብኩባቸውን ጥቂት ቦታዎች ቆርጫለሁ። የቀረው እንዳለ ነው።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ።

ይሄን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ጋሼዎች ደግሞ፣ እናንተ ፊልም በእጃችሁ ያጠባችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ እናንተ ፊት ቆሜ ስለ ፎቶ ማውራቴ ድፍረት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስሳሳት ግን በኋላ በሻይ ሰዓት ንገሩኝ እንጂ አሁን አታርሙኝ፣ እደነግጣለሁ።

እስኪ ስልካችሁን አውጡ። አውጡ፣ አውጡ፣ ዛሬ ይፈቀዳል። ጋለሪ ውስጥ ግቡና ስንት ፎቶ እንዳላችሁ እዩ። ከ5 ሺህ በላይ ያለው እጁን ያውጣ። ኧረ! ከ10 ሺህ በላይስ? አንቺ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ ስንት ነው ያንቺ? 23 ሺህ! እግዜር ይሁንሽ።

ከ23 ሺው ውስጥ ባለፈው አንድ ዓመት ስንቱን አየሽው? አየሽ፣ ሳቅሽ። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ።

የኔን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት ነበረው። እሱ ካረፈ በኋላ ሦስት ካርቶን ኔጋቲቭና ሁለት ካርቶን የታጠበ ፎቶ ወደ አዲስ አበባ አመጣሁና ማታ ማታ ስካን ማድረግ ጀመርኩ። በዚያ ላይ የእናቴ ስልክ፣ የእህቶቼ ስልክ፣ የኔ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ፣ የሞተ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረ ሃርድ ዲስክ ተጨመረ። ሁሉንም አንድ ቦታ ሳከማቸው 40 ሺህ ገደማ ሆነ።

40 ሺህ! አባቴ 36 ፎቶ የሚያወጣ ፊልም ያስገባና እሱን ለመጨረስ አንዳንዴ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። ደንበኛው አንዴ ይነሳል፣ ዓይኑን ከጨፈነ ሁለቴ። ፊልም ገንዘብ ነዋ። እኔ ኬክ ሲቆረስ ብቻ 80 አነሳለሁ። ሰማንያ! ኬኩ እኮ አንድ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። የሚያውቁኝ ያውቃሉ፣ ሦስት ብዬ አምስት ነው የማወራው፤ ቢሆንም ሦስት እንበል።

አንደኛው ይሄ ነው፦ «ያው ፎቶ» እና «ተመሳሳይ ፎቶ» ለየቅል ናቸው።

በመጀመሪያ በዓይኔ ልለየው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ቡና አፍልቼ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ይሄ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው፣ ይሄ አይደለም እያልኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሒሳብ የሚያስተምር ዘመዴ መጣና «እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ልታወዳድሪው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወረቀት አወጣና አሰላው። 40 ሺህ ፎቶ ሁለት ሁለት እየሆነ ሲወዳደር 799 ሚሊዮን 980 ሺህ ጥንድ ነው። ለአንዱ ጥንድ አንድ ሰከንድ ብቻ ብሰጥ፣ ሳልተኛ፣ ሳልበላ፣ ለቅሶ እንኳን ሳልደርስ ከ25 ዓመት በላይ ይፈጃል። ወረቀቱን እዚያው ትቶልኝ ሄደ። ቡናዬም ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ወደ ማሽን ሄድኩ።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ዓይን አለው። የመጀመሪያው ዓይን ፎቶውን ጭራሽ አያየውም። የሚያየው ፋይሉን ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል አሻራ ያወጣለታል፤ ለምሳሌ ኤስኤችኤ 256 የሚባለው ዘዴ ፋይሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ ባለ 64 ፊደልና ቁጥር አንድ መስመር አድርጎ ይሰጣችኋል። ሁለት ፋይሎች አሻራቸው አንድ ከሆነ ያው ናቸው፣ አለቀ። ስማቸው ቢለያይም፣ አንዱ «የእማዬ ስልክ» የሚል ፎልደር ውስጥ፣ አንዱ «የእማዬ ስልክ አዲሱ» ውስጥ፣ አንዱ «የመጨረሻ 2» ውስጥ ቢሆንም ያው ናቸው። እውነቱን ንገሩኝ፣ «የመጨረሻ 2» የሚል ፎልደር የሌለው ሰው አለ እዚህ ቤት?

በዚህ ብቻ ከኔ ክምችት 11 ሺህ ገደማ ወጣ። አስራ አንድ ሺህ! ያው አንዱ ፎልደር አምስት ቦታ ተገልብጦ። ፎቶ ይጥፋብኝ ብሎ የፈራ ሰው እኮ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ መገልበጥ፣ መገልበጥ፣ መገልበጥ። እነዚህን ያለ ሐሳብ ማጥፋት ትችላላችሁ። አንዱን አስቀሩ፣ የቀረውን አጥፉ። ልብ አድርጉ፣ ዛሬ «አጥፉ» የምላችሁ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ዓይን ግን ግትር ነው። ከፋይሉ አንዲት ቅንጣት ከተቀየረች አሻራው በሙሉ ሌላ ይሆናል፣ የሚቀራረብ እንኳን አይሆንም። የእህቴ ልጅ የተመረቀች ጊዜ ያነሳሁትን ፎቶ አስቡት። ከካሜራው ወጣ፣ አንድ። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ ቴሌግራም ደግሞ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ካልላካችሁት ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ካሜራው የጻፈበትን ቀንና ሰዓትም ያወልቀዋል። ሁለት። አንዷ አክስቴ ከዚያ አውርዳ በዋትስአፕ ዱባይ ላለችው ልጇ ላከች፣ ሦስት። ልጅቱ የስልኳን ስክሪን ቀርጻ መልሳ ለእናቴ፣ አራት። አራቱም ለኔና ለእናንተ አንድ ፎቶ ናቸው። ለዚያኛው ዓይን ግን አራት የማይተዋወቁ ፋይሎች።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ነገር። ማሽን «ይመሳሰላሉ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ይሄን ሳይገባችሁ መሣሪያውን አትንኩት። ደግሞ አይከብድም፣ እመኑኝ፣ እኔ በሒሳብ የወደቅኩ ሰው ነኝ።

አባቴ የታጠቡ ፎቶዎችን ዘርግቶ ሲመርጥ ዓይኑን ጨፈን፣ ጨፈን ያደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ዝርዝሩ ሲጠፋልኝ ነው ብርሃኑ የሚታየኝ» ይለኛል። ማሽኑም ያንን ነው የሚያደርገው። ፎቶውን ወስዶ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ከዚያ ያሳንሰዋል፣ ያሳንሰዋል፣ በአግድም 9 ነጥብ በቁመት 8 ነጥብ እስኪሆን ድረስ። 72 ነጥብ ብቻ! ሙሽራዋም፣ ሚዜዎቹም፣ አበባውም፣ ሁሉም 72 ነጥብ ውስጥ። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ይጠይቃል፦ ይሄኛው ይደምቃል ወይስ ያኛው? ከደመቀ 1፣ ካልደመቀ 0። በመስመር 8 ጥያቄ፣ 8 መስመር፣ በጠቅላላው 64 መልስ።

አሁን የነጠላ ጥለት አስቡ። 64 ክር ያለው ጥለት፣ አንዱ ክር ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ጥለት አለው። ሁለት ጥለት ጎን ለጎን ዘርጉና የሚለያዩትን ክሮች ቁጠሩ። ይሄ የመቁጠር ነገር «የሃሚንግ ርቀት» ይባላል፤ ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው በ1950 እ.ኤ.አ. ስለ ሌላ ጉዳይ፣ መልእክት ሲተላለፍ የሚፈጠር ስህተትን ስለማረም ሲጽፍ ያመጣው ነው። ለፎቶ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ልዩነቱ 0፣ 2፣ 4 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያው ፎቶ ተጨምቆ ወይ ትንሽ ደምቆ ነው። ወደ 10 ሲጠጋ ተጠንቀቁ። ምንም የማይገናኙ ሁለት ፎቶዎች ደግሞ በአማካይ ግማሹ ላይ፣ 32 አካባቢ ላይ ይለያያሉ። ኮምፒውተር ደግሞ 64 ክር መቁጠር ምኑ ነው? እኔ 25 ዓመት የምቆጥረውን እሱ ምሳ በልቼ እስክመለስ ይጨርሰዋል። ጊዜ የሚወስድበት ጥለቱን መሥራት ነው፣ እያንዳንዱን ፎቶ አንድ ጊዜ መክፈት ስላለበት።

የእህቴ ልጅ አራቱ ፎቶዎች? ሦስቱ ወዲያው ተገናኙ። አራተኛው፣ ስክሪን የተቀረጸው፣ ከላይና ከታች ጥቁር ስለነበረበት አመለጠ። ፎቶ ዞሮ ከሆነ፣ ዳሩ ብዙ ከተቆረጠ ይህ ዘዴ ይሰንፋል። ጥለቱን ገልብጣችሁት እንዴት ይወቀው?

እዚህ ላይ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። ከአባቴ ስካኖች ውስጥ ማሽኑ አንድ ትልቅ ቡድን አወጣልኝ፣ 214 ፎቶ፣ «ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው» ብሎ። ከፈትኩት። ጉርድ ፎቶ! የ3 በ4 ጉርድ። 214 የደሴና የአካባቢው ሰው፣ ነጭ መጋረጃ፣ መሐል ላይ ጭንቅላት፣ ከታች ጥቁር ኮት። ኮቱ ደግሞ የአባቴ ነው፤ ኮት ሳይዝ ለሚመጣ ሰው በሚስማር የሚሰቀል አንድ ኮት ነበረው። ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ መምህሩም ያው ኮት ውስጥ። ማሽኑ ምን ያድርግ? ዓይኑን ጨፍኖ ሲያያቸው እውነትም አንድ ናቸው።

እና አንድ ሰው ያንን ቡድን አይቶ «አንዱን አስቀር፣ የቀረውን አጥፋ» የሚለውን ቢጫን? 213 ሰው አለቀ።

አዲሶቹስ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎቶቹስ ትሉኝ ይሆናል። አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክሊፕ የሚባለውና እሱን የመሳሰሉት ጨፈን ብለው አይደለም የሚያዩት፤ በጣም ብዙ ፎቶ ከነጽሑፉ አይተው የሠለጠኑ ስለሆኑ ይዘቱን ያዩታል። ውሻ ከውሻ፣ ሠርግ ከሠርግ ያገናኛሉ፣ ፎቶው ቢዞርም ብዙ አይቸገሩም። ሞከርኩት። ደስ አለኝ። ከዚያ የእናቴን ሰፈር ጥምቀትና የአያቴን ቀብር አንድ ላይ አድርጎ አመጣልኝ። ብዙ ሰው፣ ነጭ ነጠላ፣ ዣንጥላ፣ ካህናት። እናቴ ከኋላዬ ቆማ እያየች «ኧረ በስመአብ! ይሄ እኮ ለቅሶ ነው» አለች። በምን አወቅሽ አልኳት። «ነጠላውን አታይም?» በሐዘን ጊዜ አለባበሱ ይገለበጣል አይደል፣ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። እሷ ከሩቅ፣ ያለ መነጽር አየችው። ማሽኑ ያንን የነገረው የለም።

ሦስተኛው ነገር፣ እና ዋናው፦ ማን ይቅር? ማን ይሂድ?

መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ፈታኝ ቁልፍ አላቸው። «ትልቁን ፋይል አስቀር፣ ሌላውን ምረጥልኝ» የሚል። ምን ክፋት አለው ትላላችሁ? ትልቁ ፋይል ጥራት ያለው ነው፣ የጠራው ይቅር። እኔም እንደዚሁ አሰብኩና ጫንኩት። ሌሊት ነበር፣ ደክሞኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የአያቴን ፎቶ ፈለግኩ። በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ያነሳኋት፣ በጣም የምወደው። አገኘሁት። ግን አያቴ ግራ ትከሻዋ ላይ የሚያብረቀርቅ ጽጌረዳ፣ ከበታቿ በቢጫ ፊደል «መልካም የትንሣኤ በዓል»! አንድ ዘመዳችን ፎቶውን ከግሩፕ አውርዶ፣ በሆነ አፕሊኬሽን አሳምሮ፣ አስፍቶ፣ ለበዓል የላከው ነው። ሲያስፋፋው ፋይሉ ከኔ ዋናው በለጠ። ጽጌረዳዋና ጽሑፏ ከ64ቱ ክር አራቱን ብቻ ነው የቀየሩት። ስለዚህ ማሽኑ ያልኩትን አደረገ፦ ተመሳሳይ ናቸው፣ ትልቁ ይቅር። ዋናው ሄደ።

መጠባበቂያ አልነበረኝም? ነበረኝ። ግን እሱንም በዚያው ሌሊት «ላጽዳው» ብዬ ያንኑ አድርጌበት ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። አሁን አያቴ ግድግዳዬ ላይ አለች፣ ከነጽጌረዳዋ። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን እናገራለሁ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ተመሳሳይ ነው ብላችሁ አታጥፉ። ማሽን ስላላችሁ አታጥፉ። ሌሊት አታጥፉ። ሰብስቡ እንጂ አታጥፉ! ማሽኑ ያገናኘላችሁን «የሚታይ» ወደሚል ፎልደር አዛውሩትና ለጊዜው ተዉት። ወር ይቆይ። ዲስክ ውድ ነው ትላላችሁ፤ ውድ ነው፣ ግን ፎቶ የሚሸጥበት ሱቅ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ልውጣ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ጣጣ አለ።

ተመሳሳይ ፎቶ ፍለጋን የሚያቀልለው ሰዓት ነው። አራት ሰከንድ ውስጥ የተነሱ ስድስት ፎቶዎች መቼም አንድ ነገር ነው የሚያሳዩት። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ በዚያ ደርድራችሁ የሚቀራረቡትን ብቻ ብታወዳድሩ ሥራው ይቀላል። ጥሩ። ግን ሰዓቱን የሞላው ማነው? አንድ ጊዜ ረዳቴ የራሱን ካሜራ በኛ ሰዓት ሞልቶ፣ የኔ በፈረንጅ ሰዓት ሆኖ ሠርግ ሠራን። ማታ ስደረድረው ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ኬክ ተቆርሷል። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በሱ የረዳቴን ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ስድስት ሰዓት ወደፊት ገፋኋቸው፣ ተስተካከለ።

ቀኑ ግን አይገፋም። የኔ የድሮ ካሜራ ፎቶዎች ላይ «2007» የሚል አየሁና ግራ ገባኝ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. እኔ ካሜራ አልነበረኝም። ለካ በኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት። መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ማለት መስከረም 11 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ምናምን ጨምሬ ልለፍ ብል ደግሞ አይሆንም፤ ካሜራው መስከረምን በሱ አንደኛ ወር ሒሳብ 31 ቀን ይሰጠዋል፣ ጥቅምታችንን በ28 ይዘጋዋል። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ አያውቃትም! ያንን በእጄ ነው ያስተካከልኩት፣ በበዓላቱ እየተመራሁ። ደመራ መቼ እንደሆነ ይታወቃላ። እናንተ ሁለት ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ሰዓት አዙሩና አንድ አንድ አንሱ። አለቀ። ማታ ትመርቁኛላችሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሰብስቡ እንጂ አታጥፉ አልኩ። ሠርግ የምትሠሩ ልጆች «ታዲያ 80 የኬክ ፎቶ ይዤ ልኑር?» ትሉኛላችሁ። አትኑሩ። ግን የሚመርጠው ማነው? አንድ ጊዜ ለሙሽሮቹ ከሰባት ተመሳሳይ የቤተሰብ ፎቶ የጠራውን፣ ሙሽራዋ ያማረችበትን ሰጠሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሙሽራዋ እናት መጡ። «ልጄ፣ ሌላ የለሽም? ወንድሜ ቀና ያለበት?» አሉኝ። ወንድማቸው አርፈዋል። በሰጠሁት ፎቶ ላይ አጎንብሰው ነበር። ደግነቱ ስድስቱ ነበሩኝ፤ በሦስተኛው ላይ ቀና ብለዋል፣ ሙሽራዋ ግን ዓይኗን ጨፍናለች። ለሙሽራዋ አንዱ፣ ለእናቷ ሌላው። ምርጡ የቱ ነው? እስኪ ንገሩኝ፣ የቱ ነው?

አሁን የመጨረሻውን ታሪክ ልንገራችሁና እንጠያየቅ።

አባቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ጢስ ዓባይ የተሳለበት መጋረጃ ነበር። ከፊቱ ወንበር፣ ከጎኑ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የማይሠራ ስልክ። ሰው እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ ይነሳል። ማሽኑ በዚህ መጋረጃ የተነሱትን እየሰበሰበ አምጥቶ ሲቆልልብኝ፣ ያው እንደ ጉርዱ ነው ብዬ እያለፍኩ ነበር። አንድ ጥንድ ላይ ግን ልዩነቱ 3 ይላል። ሦስት ክር! ሁለት የተለያየ ሰው መሆኑን በዓይኔ እያየሁ 3።

ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አንዱ መጋረጃው አዲስ ነው፣ ፎቶው ግን ደብዝዟል። ሌላው መጋረጃው ወይቧል፣ ፎቶው ግን የጠራ ነው። ሁለቱም ጎልማሳ ወጣቶች። ሁለቱም ግራ እጅ ስልኩ ላይ፣ ቀኝ እጅ ጉልበት ላይ፣ ቀኝ እግር ወደፊት፣ አንገት በትንሹ ወደ ቀኝ። የአባቴን መዝገብ ገለጥኩ። የመጀመሪያው 1969 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው 1991 ዓ.ም.።

እናቴን ጠራኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ቆየች። «ይሄ እኮ የዚህ ልጅ ነው» አለች።

በ1969 ሚሊሺያ ተብሎ ሲሄድ አባትየው መጥቶ ተነሳ። አልተመለሰም። ልጁ ያኔ ሆድ ውስጥ ነበር። በ1991 ልጁ ደግሞ ወደ ባድመ ሊሄድ ሲል ያንን ፎቶ በእጁ ይዞ ወደ አባቴ መጣና «እንደዚህ አድርገህ አንሳኝ» አለው። እናቴ እዚያው ነበረች፣ ደረሰኝ የምትቆርጠው እሷ ነበረች። አባቴ ፎቶውን እያየ እግሩን ገፋ አድርግ፣ አንገትህን መልስ፣ እጅህን ዝቅ እያለ ሲያስተካክለው ግማሽ ሰዓት ፈጀ አለችኝ። ግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ፎቶ። አባቴ ለኔ አንድ ቀን እንኳን አላወራኝም ይሄን።

ማሽኑ አልተሳሳተም ማለት ነው። የተመሳሰሉት አባቴ ስላመሳሰላቸው ነው።

ልጁ ተመልሷል። ሽበት አብቅሏል፣ እናቴ ደሴ ስትሄድ ታገኘዋለች። የአባቱን ፎቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር የዘመተው፤ ላብና ዝናብ በልቶት ሲመለስ ወረቀት ብቻ ሆኖ ነበር። ሌላ የአባቱ ፎቶ በቤቱ የለም። ኔጋቲቩ ግን እኔ ካርቶን ውስጥ ነበር። አሳጥቤ በእናቴ ላክሁለት። ደወለልኝ፣ ብዙም አላወራንም።

አሁን ያቺን ቁልፍ አስቧት። «የጠራውን አስቀር።» የጠራው የቱ ነበር? የ1991ዱ። የልጁ።

እሺ። ስለ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ልበልና ላብቃ፣ ጥያቄ ያላችሁ እያያችሁኝ ስለሆነ ነው።

እኔ የምጠቀመው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ነፃ፣ ሁለቱም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ። ዲጂካም የሚባለው ፎቶ ማደራጃ ነው፣ ተመሳሳይም ይፈልጋል፣ ፊትም ይለያል። ሌላው ችካፍካ ይባላል፤ በፖላንድ ቋንቋ ስቅታ ማለት ነው አሉ፣ ስሙን ስትጠሩት እውነትም ስቅ ይላችኋል። እሱ ፈጣን ነው፣ የምስሉንም የፋይሉንም ይፈልጋል፣ የሠራውን ጥለት ደግሞ ያስቀምጠዋል። መብራት ሲሄድባችሁ ዋጋው ይገባችኋል፤ እኔን ሁለቴ ሄዶብኛል፣ ስመለስ ከዜሮ አልጀመርኩም። አይፎን የያዛችሁ ከአይኦኤስ 16 ወዲህ ስልኩ ራሱ «የተደጋገሙ» ብሎ ያወጣላችኋል፤ እሱንም ቢሆን አይታችሁ ተቀበሉ። ጎግል ፎቶስ ፊት በመለየት ጎበዝ ነው፣ ግን ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥ ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል፣ የሚሰጣችሁ 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱም ከኢሜይላችሁ ጋር ተካፍሎ። የደንበኛ ፎቶ ደግሞ ሳታስፈቅዱ የትም አትጫኑ። የሰው ልጅ ክርስትና እኮ ነው።

መጀመሪያ ስትሞክሩ ገደቡን፣ ማለት እስከ ስንት ክር ቢለያዩ «ይመሳሰላሉ» ይበል የሚለውን፣ ጠበቅ አድርጉት፣ 2 ወይም 4። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አላሉት። ከ10 በላይ ከሄዳችሁ የኔን 214 ኮት ለባሾች ታገኛላችሁ። ደግሞ ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ ከተቻለ በሌላ ቤት። እህታችሁ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ይሁን።

ጨርሻለሁ። ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ላፕቶፔ እዚያ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ፕሮግራሙን እጭንላችኋለሁ፣ አብረን አንድ ፎልደር እንሞክራለን። ኬብል ያልያዘ ግን አይምጣ፤ ባለፈው ሁለት ሰው ያለ ኬብል መጥቶ የኔን ይዞ ሄዷል። ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፣ አንዳችሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የተቀመጣችሁት።

አንቺ ባለ 23 ሺዋ፣ አንቺ ቅደሚ።